የመመለሻ ቁልፉን ለአንባቢው ተዉለት

ሰሞኑን አንድ ወጣት የድረ ገጽ ሠሪ ጥያቄ አቀረበልኝ። በረጅም ገጽ አናት ላይ ማውጫ ሠርቷል፤ ደንበኛው ግን በዚያው ገጽ ውስጥ ወደየክፍሉ የሚያዘልሉትን የውስጥ ሊንኮች ነካክቶ የብራውዘሩን የመመለሻ ቁልፍ ሲጫን ከገጹ አይወጣለትም፤ እዚያው ላይና ታች ያንከራትተዋል። «እንዴት ላስቀረው?» ይላል። ማስቀረቱ ቀላል ነው። እኔን የሚቆጨኝም ቀላልነቱ ነው።

ድሮ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ኢንተርኔት ቤት ስሠራ መስመሩ የስልክ፣ ሂሳቡ በደቂቃ ነበር። ለአንድ የጀልባ ድርጅት የጣና ገዳማትን የሚያስተዋውቅ ገጽ አዘጋጀን። ከላይ ማውጫ፣ ከሥር ክብራን ገብርኤል፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ፣ እያንዳንዱ ከነፎቶው። ገጹ አንዴ ከወረደ በኋላ ከአንዱ ገዳም ወደ ሌላው መዝለል መስመር አይጠይቅም፤ በአድራሻው ላይ ከሃሽ (#) ምልክት በኋላ የሚጻፈው ስም ወደ ሰርቨር አይላክምና። ብራውዘሩ ግን እያንዳንዱን ዝላይ ይመዘግባል፤ አንባቢው ተመለስ ሲለው ቀድሞ ወደነበረበት ቦታ ይወስደዋል።

ይህ ለአለቃችን አልጣማቸውም። «ተመለስ ካልሁ መውጣት አለብኝ» አሉ። ዝላዩ ሁሉ ሎኬሽን ሪፕሌስ (location.replace) በሚባለው የስክሪፕት ትእዛዝ እንዲሆን ታዘዘ፤ አዲሱ አድራሻ በቀድሞው ላይ ይተካል፣ በመዝገቡ ላይ ምንም አይጨመርም። ምን እንደሚያስከትል አውቅ ነበር፤ ዝም አልሁ።

በኋላ አንድ የዘጌ አዛውንት፣ ዕድሜያቸውን በአስጎብኚነት ያሳለፉ፣ ገጹን ሊያዩ መጡ። ፎቶው ከላይ ወደ ታች በቀጭን በቀጭኑ እየተገለጠ እስኪሞላ በትዕግሥት ጠበቁ። ስለ ናርጋ አነበቡና ወደ ማውጫው ሊመለሱ ቁልፉን ተጫኑ። ገጹ ጠፋ፤ መፈለጊያው ገጽ ተደቀነ። እጃቸውን ከማውሱ ላይ አንሥተው «ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?» አሉኝ። «መስመሩ ነው፣ አባቴ» አልኋቸው። ገጹ እንደገና እስኪወርድ የጠበቁበትንም ደቂቃ ከፈሉ። ዘጌ በሄድሁ ቁጥር ቡናው ከማማሩ በፊት ያ ጥያቄ ይታወሰኛል።

የዛሬ ልጆች ከእኛ ይልቅ ትችላላችሁ፤ ነገር ግን ብራውዘሩ በነጻ የሚሠራውን ነገር ሁሉ በስክሪፕት እንደገና ካልሠራችሁት ሥራ የሠራችሁ አይመስላችሁም። ከዚያም በፈጣን ስልክ ትሞክሩትና «ይሠራል» ትላላችሁ።

አንባቢው ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ሌላ ቦታ እንደደረሰ ከተሰማው፣ ተመለስ ሲል ወደ ተነሣበት ይድረስ። ተንሸራታች ፎቶና አንባቢው ወደ ታች በወረደ ቁጥር በራሱ የሚለዋወጥ አድራሻ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ አዲሱን አድራሻ በቀድሞው ላይ የሚተካውን ሪፕሌስ ስቴትን (replaceState) ተጠቀሙ፣ መዝገቡን አታጨናንቁት። በእርግጥ እኔም የግርጌ ማስታወሻ በሞላበት ረጅም ሰነድ ውስጥ ቁልፉን ደጋግሜ እየተጫንሁ ሠሪውን የረገምሁበት ጊዜ አለ። በኮምፒውተር ላይ ቁልፉን ተጭኖ ቢያቆዩት የመዝገቡ ዝርዝር ይወጣል፤ ግን ሁሉም መስመር አንድ ዓይነት ርእስ ስለሚይዝ የትኛው የቱ እንደሆነ አይለይም።

ጠያቂዬ ሆይ፣ ደንበኛህን ከማስደሰትህ በፊት አንድ ነገር ፈትሽ። ያንኑ ሊንክ ሁለት ጊዜ ተከታትለህ ተጫነው። ብራውዘሩ በራሱ ሁለተኛውን አይመዘግብም፤ ከተመዘገበ ግን ጣጣው ከውስጥ ሊንኩ ሳይሆን በመዝገቡ ላይ አዲስ አድራሻ የሚጨምረውን ፑሽ ስቴትን (pushState) ከሚጠራው ስክሪፕትህ ነው።