ሻንሲው እንዳይታነቅ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የጭነት መኪናችንን ካሶኒ (የዕቃ መጫኛውን) ከሻንሲው (መኪናውን ከሥር ከሚሸከመው የብረት አጽም) ጋር ዳር እስከ ዳር ብንበይደው ከብሎን አይሻልም?

አይሻልም፤ እባክዎ አያድርጉት። የብየዳ እሳት የነካው የሻንሲ ብረት ጠባዩ ይለወጣል፤ ስንጥቁም ብዙውን ጊዜ ከብየዳው ጎን ይጀምራል። ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። የጭነት መኪና ሻንሲ የተሠራው እንዲጠማዘዝ ነው። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላው ጉብታ ሲወጣ ሁለቱ ረጃጅም ብረቶች እንደ መሰላል ቋሚዎች በየፊናቸው ይወዛወዛሉ። ግትር ካሶኒ ከተበየደባቸው ግን ያ ሁሉ ጉልበት መሄጃ አጥቶ ደካማውን ቦታ ይቀደዋል።

ገልባጭ መኪናዬ ላይ ረዳት ሻንሲው (በሻንሲውና በካሶኒው መካከል የሚገባው የብረት አጽም) ከጋቢናው ኋላ በስፕሪንግ፣ ወደ ኋላ ደግሞ በላሜራና በብሎን ድርቅ ብሎ ታስሯል። ሠሪው ተሳስቶ ይሆን?

አልተሳሳተም፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ስፕሪንጉ የፊተኛው ክፍል ሻንሲው ሲጠማዘዝ ትንሽ ከፍ ዝቅ እንዲል ይፈቅዳል፤ የኋላው ላሜራ ደግሞ ፍሬን ሲያዝ ጭነቱ ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ይይዛል። በቦቴ ላይ ጉዳዩ የበለጠ ያስጨንቃል፤ ታንከሩ ራሱ አይጠማዘዝምና። ስለዚህ ብዙ ጊዜ በ3 ወይም በ4 ቦታ ብቻ፣ መወዛወዝ በሚችል ማሰሪያ ይቀመጣል። አንድ ነገር ግን ያረጋግጡልኝ፦ የረዳት ሻንሲው የፊት ጫፍ ከታች በኩል በሰያፍ ተቆርጧል? ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ ክብደቱ አንድ መስመር ላይ ይወድቅና ሻንሲው ልክ ከጋቢናው ኋላ ይሰነጠቃል።

ለብሎን ቀዳዳ የት ልብሳ?

በቅድሚያ ፋብሪካው የተዋቸውን ቀዳዳዎች ይጠቀሙ። አዲስ ካስፈለገ ቀጥ ብሎ በቆመው የሻንሲው ጎን ላይ ብቻ፣ በመሰርሰሪያ፤ በእሳት መቁረጫ ፈጽሞ አይሆንም። የላይኛውና የታችኛው ከንፈር (ወደ ጎን የታጠፈው የሻንሲ ጠርዝ) ሻንሲው ሲጎብጥ ትልቁን ውጥረት የሚሸከሙት ናቸው፤ እዚያ የተበሳ ቀዳዳ የስንጥቅ በር ነው። እንደ ዩ የታጠፈ ብሎን የሚጠቀሙም ከንፈሩ እንዳይጨፈለቅ በውስጥ በኩል የብረት መደገፊያ ያስገቡ። በብረቱ ፋንታ እንጨት የሚያስገቡም ከጭስ ማውጫ አጠገብ አያስገቡ፤ ይቃጠላል።

ረዳት ሻንሲው መኪናው ላይ እንዳለ ብየዳ ቢያስፈልገውስ?

ባትሪውን ይፍቱ፤ የኮምፒውተር ሳጥኖቹንም ፋብሪካው በሚያዘው መሠረት ይንቀሉ። የብየዳውን የመሬት ገመድ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ፣ እዚያው ብረት ላይ ያያይዙ። መኪናው ጭኖ ጥቂት ከተጓዘ በኋላም ብሎኖቹን በሙሉ በድጋሚ ያጥብቁ፤ አዲስ ካሶኒ ቦታውን ሲይዝ ይላላሉ።