ጡቱ ከመርፌው ይቅደም

ጥያቄ፦ ልጄ የ6 ሳምንት ክትባቷን ስትከተብ በልቅሶ ልትሞት ነበር። አሁን የ10 ሳምንቱ ደርሷል። አማቴ «ጠግባ ከሄደች ትንታ ይይዛታል፤ ጡቱን ስትጨርስ ስጪያት» ይሉኛል። ያለ መድኃኒት ሕመሙን የሚያቀልላት ነገር አለ? (እናት፣ ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ አለ፤ ዋናውም ጡትዎ ነው። ግን ከመርፌው በፊት ተጀምሮ መርፌው ሲገባም ካልተቋረጠ ነው የሚሠራው። ከተወጋች በኋላ የሚሰጥ ጡት ልቅሶዋን ያሳጥራል እንጂ ሕመሙን አይቀድመውም። አማትዎ መስጋታቸው ለልጅ ከማሰብ ነው፤ ይሁንና እየጠቡ መከተብን የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 (እ.ኤ.አ.) መክሮታልና አይፍሩ።

መንዝ ብርዱ ስለሚጠና ሕፃን በሹራብና በሱሪ፣ ከላይም በባና ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው። ተራ ደርሶ ያ ሁሉ በጥድፊያ ሲፈታ ልጅቷ መርፌው ሳይነካት መነጫነጭ ትጀምራለች። ስለዚህ ሱሪዋን ወረፋ ሲጠብቁ ያውልቁና እግሯን በባናው ይሸፍኑት። ሲገቡ ጭኗን ብቻ መግለጥ ነው።

ቅደም ተከተሉም ለውጥ ያመጣል። የፖሊዮና የሮታ (የተቅማጥ መከላከያው) ጠብታ መጀመሪያ ትውሰድ፤ ሮታ ጣፋጭ ስለሆነ እሱ ራሱ ያረጋጋታል። ከዚያ ወንበር ላይ ይቀመጡና ሆዷን ከሆድዎ አስጠግተው ያጥቧት። የታችኛው እጇ በብብትዎ ሥር ወደ ጀርባዎ ይለፍ፣ የላይኛውን በክንድዎ ያቅፉት፣ ጉልበቷን በመዳፍዎ ደገፍ ያድርጉ። ጥፍንግ አድርገው አይያዟት፤ የተወጠረ ጡንቻ ሲወጋ ይብሳል። አገጯ ጡትዎን ነክቶ የመዋጧ ድምፅ በደንብ መሰማት ሲጀምር ለባለሙያዋ ይንገሯት። ፔንታ (አምስት በሽታ የሚከላከለው ክትባት) ይቅደም፤ ይበልጥ የሚያቃጥለው የሳንባ ምች መከላከያው (ፒሲቪ) መጨረሻ ይሁን። የሚያመው ቀድሞ ከተወጋ ሁለተኛውም ያስመርራታል። ወደ ሌላው ጭን ሲዞሩ እንደገና ይዛ እስክትጠባ ይታገሷት።

ባለሙያዋንም በትሕትና አንድ ነገር ይጠይቁ፦ መርፌው ከገባ በኋላ ደም መኖሩን ለማየት የሲሪንጁን መግፊያ ወደ ኋላ መሳብ አያስፈልግም። በጭን ውጫዊ ጎን፣ በሚወጋበት ቦታ፣ ትልቅ የደም ሥር የለም፤ መሳቡ መርፌውን ሥጋዋ ውስጥ ከማቆየትና ከማነቃነቅ በቀር ጥቅም የለውም።

ጡት ለማይጠባ ሕፃን 1 የሻይ ማንኪያ ስኳር በ2 የሻይ ማንኪያ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ይበጠበጥና ከመወጋቱ 2 ደቂቃ ቀደም ብሎ ጥቂት ጠብታ ምላሱ ላይ ይደረግለታል። ይህ ለክትባት ሰዓት ብቻ ነው። ማር ግን ዓመት ላልሞላው ልጅ ፈጽሞ አይሰጥም፤ ሊመርዘው ይችላል።

ጥያቄ፦ የ4 ዓመት ልጄ በኩፍኝ ዘመቻ ሊከተብ ነው። መርፌ ሲባል ይሸሻል፤ «አያምም» ብንለውም አያምነንም። (አባት፣ ከደብረ ሲና)

መልስ፦ ባያምናችሁ አይፈረድበትም፤ ያምማልና። «ትንሽ ቆንጠጥ ያደርግሃል፣ ቶሎ ያልቃል» በሉት፤ የምትነግሩትም በዚያው ቀን ጠዋት ይሁን። «ካላረፍክ መርፌ አስወጋሃለሁ» ማለት ቤታችሁ ከተለመደ ከዛሬ ጀምሮ ይቅር፤ ፍርሃቱን የሚያሳድገው እሱ ነው።

አስተኝታችሁ አትጫኑት። ጭናችሁ ላይ ፊቱን ወደ እናንተ አድርጎ፣ ደረቱ ከደረታችሁ ገጥሞ ይቀመጥ፤ እግሮቹ ወገባችሁን ይቀፉ። የሚወጋውን ክንዱን አንድ እጃችሁ ይያዘው። ከዚያ ትኩስ ገንፎ እንደሚያበርድ ረዘም አድርጎ እፍ ይበል፤ ሦስተኛው ላይ ይወጋ። እፍታውን ቤት አብራችሁት ተለማመዱት፤ ያን ሰዓት ብቻ ከሆነ ይጠፋበታል። «እኔን! እኔን!» እያሉ መደጋገምም የሚያስፈራ ነገር መኖሩን ይነግረዋል። አንድ ጊዜ «አይዞህ» በሉትና ስለ በጉ፣ ስለ ወንድሙ አውሩት።

ጥያቄ፦ የተወጋበትን በቅቤ ማሸት እብጠቱን ይቀንሳል? (አያት፣ ከአንኮበር)

መልስ፦ አይቀንስም፣ እናቴ፤ ማሸቱ ያሳምመዋል፣ ቅቤውም ቆሻሻ ያስገባል። ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክረው ጨምቀው ያሳርፉበት። ክንዱ ላይ ያለው የቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ ክትባት) ቁስል ግን ምንም አይደረግበት። ትኩሳት ከመጣ ብርድ ነው ብለው ድርብርብ አያልብሱት፤ ቀለል አድርገው ያልብሱት፣ ጡትም ደጋግሞ ይጥባ። ከ3 ሰዓት በላይ ሳያቋርጥ ካለቀሰ፣ ትኩሳቱ 2 ቀን ካለፈው ወይም ከተንቀጠቀጠ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።