ክራግ ሃክ ኧርዝ ማጂክ ይማር ወይስ ኦፌንሱን ይጨርስ?

ሰላም ወንድሜ። መሃል ላይ የገባ ሰውም እንዲከተለን ጥያቄህን በአጭሩ ላስቀምጠው። ሂሮስ ኦፍ ማይት ኤንድ ማጂክ 3ን ከታናሽ ወንድምህ ጋር በአንድ ላፕቶፕ፣ በሆት ሲት፣ ተራ በተራ ትጫወታላችሁ። ከጌሙ የከተማ ዓይነቶች አንተ ስትሮንግሆልድ ይዘሃል፣ እሱ ካስል። ጀግናህ ክራግ ሃክ ደረጃ ሲጨምር "ኤክስፐርት ኦፌንስ ወይስ ቤዚክ ኧርዝ ማጂክ?" ተባልክና (ኦፌንስ የጦርህን ጉዳት የሚጨምር ክህሎት ነው፣ ኧርዝ ከአስማት ዘርፎች አንዱ፤ ክህሎት ከቤዚክ ወደ አድቫንስድ፣ ከዚያ ወደ ኤክስፐርት ያድጋል) "ሰውዬው ሲፈጥረው ተዋጊ ነው፣ አስማት ምን ያደርግለታል?" ብለህ ቆመሃል። በዚያ ላይ ላይትኒንግ ቦልት አስተምረኸው ማንንም አልገድል ብሎሃል።

ኧርዝን ውሰድ። ዓይንህን ሳታሽ።

መጀመሪያ የቀላሉን ምክንያት ልንገርህ። ደረጃ በጨመርክ ቁጥር ጌሙ ሁለት ምርጫ ያቀርብልሃል፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ያለህን ክህሎት ከፍ ማድረጊያ ነው፣ ሌላው አዲስ ነው። ኦፌንስ እጅህ ላይ ያለ ነገር ነው፣ ክራግ ሃክ ገና ሲጀምር አድቫንስድ ይዞ ነው የሚመጣው። ዛሬ ብታልፈው ተመልሶ ይመጣል። ኧርዝ ግን እንደ ክራግ ሃክ ላለ ባርባሪያን (የስትሮንግሆልድ ተዋጊ ጀግና) እንደልብ የሚገኝ አይደለም። እርግጥ ተዋጊ ጀግኖች ቢያንስ በየ4 ደረጃው ከአስማት ዘርፎች አንዱ እንዲቀርብላቸው ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ይሁንና ያ የሚመጣው ኤር ወይም ፋየር ሊሆን ይችላል። የክህሎት ቦታ ደግሞ 8 ብቻ ነው። ከሞላ በኋላ "ይሄን አውጥቼ ያንን ላስገባ" የሚባል ነገር የለም።

አሁን ወደ ላይትኒንግ ቦልትህ ልምጣ፣ የጥያቄህ ፍሬ ነገር እዚያ ነው ያለው። ያ አስማት የሚያደርሰው ጉዳት ፓወር (የጀግናው የአስማት ኃይል) ሲባዛ በ25፣ ሲደመር 10 ነው። ክራግ ሃክ ሲጀምር ፓወሩ 1 ነው፣ ስለዚህ 35 ጉዳት። የወንድምህ አንድ ካቫሊየር 100 ነፍስ አለው። እና ምን ልትገድል ነው? ፓወሩ ይጨምራል ብለህ ደግሞ አትጠብቅ። ባርባሪያን በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ላይ 55 በመቶ አታክ፣ 35 በመቶ ዲፌንስ ነው የሚጨምርለት፤ ለፓወርና ለኖውሌጅ (የማናውን፣ ማለትም አስማት መጣያ ጉልበቱን፣ መጠን የሚወስነው) የተተወው 5፣ 5 በመቶ ብቻ ነው። ደረጃ 10 ደርሰህም ፓወርህ 1 ላይ ተገትሮ ልታገኘው ትችላለህ።

ስለዚህ አስማትን ለብቻው "ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው" ብለህ አትምረጥ፤ ማን ነው የሚጥለው ብለህ ምረጥ። ፓወሩ ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚጠቅመው ጉልበቱ በፓወር የማይለካ አስማት ነው። የዚህ ዓይነቱ ንጉሥ ደግሞ ስሎው ነው፣ የጠላትን ፍጥነት የሚቀንስ የኧርዝ ዘርፍ አስማት። ስሎው ገና የ1ኛ ደረጃ አስማት ነው፣ ዊዝደም (ከፍ ያሉ አስማቶችን ለመማር የሚያስፈልገው ክህሎት) እንኳ አይፈልግም፣ ሜጅ ጊልድህ (ከተማህ ውስጥ አስማት የሚማሩበት ሕንፃ) የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ወይም ካርታው ላይ ባሉት ትንንሽ ሽራይኖች ሊገኝ ይችላል። ኧርዝህ ኤክስፐርት ሲሆን የጠላትን ጦር በሙሉ በአንዴ ፍጥነቱን በግማሽ ይቆርጥልሃል። ጠላትህ 10 ቻምፒየን (የተሻሻለ ካቫሊየር) ይዞ ይምጣ 300፣ ለስሎው ያው ነው፤ እጅ ከወርች አስሮ ይይዝልሃል። ላይትኒንግህ ግን ለ300ውም ያው 35 ነው።

ከወንድምህ ጋር ስትገጥሙ ምን እንደሚሆን ላሳይህ። እሱ ቻምፒየን፣ ሮያል ግሪፈን፣ ክሩሴደር ይዟል እንበል። ቻምፒየኑና ግሪፈኑ ፍጥነታቸው 9 ነው፣ ክሩሴደሩ 6። አንተ ጋ ተንደርበርድ አለ፣ ፍጥነቱ 11። ስለዚህ የመጀመሪያው ተራ ያንተ ነው። ተንደርበርዱን ሳታንቀሳቅስ መጽሐፍህን ክፈትና ስሎው ጣል፣ ከዚያ ተንደርበርዱን ዌይት በለው። አሁን ቻምፒየኖቹ 4 ሄክስ (የጦር ሜዳው ባለስድስት ጎን ክፍል) ገደማ ተራምደው ሜዳው መሃል ይቆማሉ። ቻምፒየን የሚያስፈራው በሮጠበት እያንዳንዱ ሄክስ ጉዳቱ 5 በመቶ ስለሚጨምር ነው፤ ሩጫውን ስትቆርጥበት ያም አብሮ ይቆረጣል። የአንተ ኦርክና ሳይክሎፕስ ቁጭ ብለው ይወረውሩባቸዋል፣ ቤሂሞቶችህ ደግሞ ቀድመው መቺ ይሆናሉ እንጂ ተመቺ አይሆኑም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በል። አንደኛ፣ አስማት መጣል የምትችለው ከራስህ ስታኮች (አብረው የቆሙ አንድ ዓይነት ወታደሮች) ለአንዱ ተራ ሲደርሰው ነው። ወንድምህ አርክኤንጀል ካወጣ ፍጥነቱ 18 ነው፣ ከተንደርበርድህ ቀድሞ መጥቶ አንዱን ይመታና ከዚያ ነው ስሎው የምትጥለው። ስለዚህ አርክኤንጀሉ ሳይወጣ በፊት ሂድበት፤ ካልሆነም ከፊት የምታቆመው ስታክ ብታጣው የማይቆጭህ ይሁን። ሁለተኛ፣ አስማት የሚቆየው በፓወርህ ልክ ስለሆነ ያንተ ስሎው 1 ዙር ብቻ ነው የሚቆየው። ኖውሌጅህ 1 ከሆነ ማናህ 10 ነው፤ ኧርዝ ለተማረ ሰው ስሎው 5 ማና ይፈጃል። ሁለት ዙር አለህ ማለት ነው። ለብዙ ጦርነት ሁለት ዙር ይበቃል፣ ጨዋታው የሚለየው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ላይ ነውና። ሲያልቅብህ ሜጅ ጊልድ ያለበት ከተማ ገብተህ እደር፣ ጠዋት ማናህ ሞልቶ ታገኘዋለህ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቤዚክ ኧርዝ ብቻውን ይህን አያደርግልህም። በቤዚክ ስሎው አንድ ስታክ ላይ ብቻ ነው የሚያርፈው፣ የሚቆርጠውም ሩቡን ነው። ከወሰድከው እስከ ኤክስፐርት ግፋበት እንጂ መንገድ ላይ አትተወው።

ኦፌንሱንስ? በሂሳብ ላሳይህ። በዚህ ጌም አታክህ ከጠላት ዲፌንስ በበለጠበት በእያንዳንዱ ነጥብ ጉዳትህ 5 በመቶ ይጨምራል፣ ኦፌንስ ደግሞ እዚያው ላይ ነው የሚደመረው። ኤንሸንት ቤሂሞት የጠላትን ዲፌንስ 80 በመቶ እንደሚያፈርስ ታውቃለህ። የቤሂሞቱ አታክ 19 ነው፣ ጀግናህ 15 ቢጨምርለት 34። የወንድምህ ቻምፒየን ከጀግናው ጋር 26 ዲፌንስ ቢኖረው ለቤሂሞት 5 ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ 29፣ ጭማሪው 145 በመቶ፣ ከመነሻው 100 ጋር 245። የክራግ ሃክን ልዩ ጭማሪ ለጊዜው ትተን አድቫንስድ ኦፌንስ 20 ሲደምርበት 265 ይሆናል፣ ኤክስፐርት 30 ሲደምርበት 275። ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሻገር ያተረፍከው 4 በመቶ አይሞላም። አርመረር (የሚደርስብህን ጉዳት የሚቀንስ ክህሎት) ግን ከመጨረሻው ጉዳት ላይ ነው የሚቀነሰው፤ ኤክስፐርት 15 በመቶ ካለ ሁልጊዜም 15 በመቶ ነው። ሰው ሁሉ ለኦፌንስ ሲሻማ አርመረርን ሲንቀው ስለማይ ነው ይህን ያህል የለፈለፍኩት። ቢሆንም ክራግ ሃክ በየደረጃው ኦፌንሱ 5 በመቶ እየጎለበተ ስለሚሄድ፣ ደረጃ 20 ላይ ኤክስፐርቱ 60 በመቶ ይሆናልና ተመልሶ ሲመጣ ጨርሰው። አሁን ግን አይደለም።

ከኧርዝ ሌላ ለየትኛውም ጀግና፣ ለየትኛውም ከተማ የማላልፈው ሎጂስቲክስን ነው። ኤክስፐርት ሲሆን የመሬት ጉዞህን 30 በመቶ ይጨምራል። የጀግና የቀን ጉዞ የሚሰላው ጠዋት ላይ አብሮት ባለው በጣም ቀርፋፋው ስታክ ነው፤ ከ1500 እስከ 2000 ነጥብ፣ አንድ ካሬ ተራ መሬት ደግሞ 100 ይወስዳል። 2000 ላይ ኤክስፐርት ሎጂስቲክስ 600 ይጨምርልሃል፣ በቀን 6 ካሬ፣ በሳምንት 42። ይሄ ማለት ወንድምህ ገና በሩ ላይ ሆኖ ማዕድኑን ሲቆጥር አንተ ከተማው ሥር ነህ። ታዲያ ኦገር አብረህ እየጎተትክ አይደለም! ኦገር ፍጥነቱ 4 ነው፣ ጠዋት ከአንተ ጋር ካደረ ጉዞህ 1560 ላይ ይቀራል። ማታ ተራህን ከመጨረስህ በፊት ኦገሮቹን ለሁለተኛ ጀግና አስረክብ፤ ዎልፍ ሬደርና ተንደርበርድ ብቻ ይዘህ ካደርክ 1830 ይዘህ ትነሳለህ። ይህን የማያደርጉ ሰዎች ናቸው "ሎጂስቲክስ ምንም አልጠቀመኝም" የሚሉት።

ታውን ፖርታልን (ጀግናህን ወደ ከተማህ በቅጽበት የሚወስደውን የኧርዝ አስማት) በተመለከተ፣ ኧርዝ ውሰድ የሚሉህ ሰዎች ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሱት እሱን ነው፤ እውነትም በትልቅ ካርታ ላይ ጌሙን የሚገለብጥ አስማት ነው። አድቫንስድ ወይም ኤክስፐርት ኧርዝ ካለህ ከከተሞችህ የፈለግከውን መርጠህ ትገባለህ፤ ከዚያ በታች ከሆንክ ወደ ቅርቡ ብቻ ነው የሚወስድህ። ለአንተ ግን ችግር አለበት። የ4ኛ ደረጃ አስማት ስለሆነ አድቫንስድ ዊዝደም ይፈልጋል፣ አንድ የክህሎት ቦታ ሄደ ማለት ነው። የስትሮንግሆልድ ሜጅ ጊልድ ደግሞ 3ኛ ደረጃ ላይ ያበቃል፣ ስለዚህ በገዛ ከተማህ አታገኘውም። የሌላ ሰው ከተማ ይዘህ ጊልዱን እስከ 4 መገንባት፣ እሱም ወጥቶልህ ከተገኘ። በ36 በ36ቱ ትንሽ ካርታ ላይ ለዚህ ብዬ ዊዝደም አልወስድም። በ144ቱ ላይ ከሆናችሁ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። ታክቲክስ ለባርባሪያን በደንብ ይመጣል፣ ተቀበለው። ላክና ሊደርሺፕ ቦታ ካለህ አይከፉም። ፓዝፋይንዲንግ ካርታችሁ ረግረግ ከበዛበት ብቻ። ኢግል አይ፣ ለርኒንግ፣ ሚስቲሲዝም፣ ፈርስት ኤይድ፣ እነዚህን ጆሮ ዳባ ልበስ በላቸው። ኤክስፐርት ለርኒንግ 15 በመቶ ልምድ ለመጨመር ከ8 ቦታህ አንዱን በቋሚነት ይበላል፤ ምን ዓይነት ንግድ ነው? ኤስቴትስ በቀን እስከ 500 ወርቅ ያመጣልና ከተማ ለሚጠብቀው ሁለተኛ ጀግና ስጠው፣ ለዋናው አይደለም። ደግሞ ዋናውን ጀግናህን ዊች ሃት (ካርታው ላይ ያለ የጠንቋይ ጎጆ) ውስጥ ዝም ብለህ አታስገባ። ጠንቋይዋ ሳትጠይቅህ ነው የምታስተምረው፤ ናቪጌሽን አሸክማ ባሕር በሌለው ካርታ ላይ ትለቅሃለች። መጀመሪያ ርካሽ ጀግና ልከህ ምን እንደምታስተምር እይ።

ዊዛርድ የሆነውን አስማተኛ ጀግና ሶልሚርን ይዘህ ብትጫወት ግን ይህ ሁሉ ይገለበጣል። ዊዛርድ በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ሲያድግ 40 በመቶ ፓወር፣ 40 በመቶ ኖውሌጅ ነው፤ ቼይን ላይትኒንጉን ከመጀመሪያው ይዞ ይመጣል፣ ኤር ማጂክ ለእሱ ዳቦው ነው። ለእሱ ኦፌንስ ቢመጣ ዞር ብለህ አትየው። ማናው ግን መጀመሪያ ላይ 30 ብቻ ነው፣ ቼይን ላይትኒንግ 24 ይበላል፣ ስለዚህ በአንድ ጉዞ አንድ ጊዜ ነው የሚተኩሰው። መብረቁ እየዘለለ የራስህንም ጦር ሊመታ እንደሚችል አትርሳ።

በመጨረሻ የስሎው ክፍተት የት ነው ለሚለው። ወንድምህ ሄስት (ፍጥነት የሚጨምር አስማት) ከጣለ ስሎውህን ያፈርሰዋል፣ ኪውርም (ፈዋሹ አስማት) እንደዚያው ያጸዳዋል፤ ሁለቱንም ካስል ጊልዱ ውስጥ ሊያገኛቸው ይችላል። ያኔ ግን እሱም የዚያን ዙር አስማቱን አንተ ያበላሸኸውን ለማስተካከል ነው የጨረሰው፣ ይህም አይከፋም። ድራገን ዩቶፒያ (ድራገኖች የሚጠብቁት የሀብት ቦታ) ስትገባ ደግሞ ስሎውን ተስፋ አታድርግ፦ አረንጓዴውም ቀዩም እስከ 3ኛ ደረጃ ያለ አስማት አይነካቸውም፣ ወርቃማው እስከ 4ኛ፣ ጥቁሩ ጭራሽ ምንም። እዚያ የሚያወጣህ የቤሂሞት ብዛትና አርመረር ነው።

ካርታችሁ ስንት በስንት እንደሆነና አሁን ምን ምን ክህሎት እንደያዝክ ጻፍልኝ፣ ዊዝደሙን መውሰድ አለመውሰድህን ያኔ እንወስናለን። ወንድምህ ይህን እያነበበ ከሆነ ግን አልነገርኩህም።