ሕመምተኛው፦ ታይዋን

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ከራውንድ በኋላ አንድ ኢንተርን፣ ተለማማጅ ሐኪም፣ ኮሪደር ላይ ያዘኝ። «ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለኝ። ጠይቅ አልኩት። «አንዱን አድነን ስንሸኝ አምስቱ በዚያው በሽታ ይመጣሉ። ጋውኑን አውልቄ ፖለቲካ ልግባ እያልኩ ነው።» የቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ። ፊቱን ሳየው ግን የምሩን ነው።

የዚያን ቀን መልስ አልነበረኝም። ማታ ቤቴ ሆኜ ሳስበው አንድ የሩቅ አገር ሐኪም ትዝ አለኝ። ጥያቄው የእሱ ብቻ ስላልመሰለኝ ለሁላችሁም ልጽፍ ወሰንኩ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።

ሰውየው ቺያንግ ዌይሹዊ ይባላል፤ ታይዋናዊ ነው። የተወለደው በደሴቲቱ ሰሜን ምሥራቅ፣ ዪላን በምትባል ከተማ ነው። አባቱ የሰው ዕድል እየተናገሩ የሚተዳደሩ ሰው ነበሩ። ታይዋን ደግሞ ከ1895 ጀምሮ የጃፓን ቅኝ ግዛት ነበረች። ጃፓኖቹ ሐኪምና አስተማሪ ይፈልጉ ነበር፤ ሕግና ፖለቲካ የሚያውቅ የአገሬው ሰው ግን አይፈልጉም። ስለዚህ የደሴቲቱ ጎበዝ ልጅ ሁሉ ወደ አንዱ የሕክምና ትምህርት ቤት ጎረፈ። ያን ሁሉ ብሩህ ጭንቅላት አንድ ግቢ ውስጥ ሰብስበህ ስለ ጨጓራ ብቻ እንዲያወራ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ቺያንግ በ1910 ገብቶ በ1915 ተመረቀ። በትምህርት ቤቱ ቱ ጹንግሚንግ የሚባል ጓደኛ ነበረው። ይህን ስም ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ስለ ተማሪነታቸው አንድ ታሪክ አለ። በ1913 ቻይናን ይገዛ የነበረው ዩዋን ሺካይ ሪፐብሊኩን ለራሱ ሥልጣን መወጣጫ ሲያደርገው ልጆቹ ተናደዱ። በኮሌራ ጀርም ሊገድሉት አሰቡ። ቱ እና አንድ ሌላ ጓደኛቸው ጀርሙን ይዘው ቤጂንግ ድረስ ሄዱ። ሐሳባቸው ውኃ ለመበከል ነበር፤ ጥበቃው ጠንካራ ሆነባቸውና ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ቺያንግም ከሴራው ሰዎች አንዱ እንደነበር ይነገራል። ቆራጥነታቸውን የሚያደንቁ አሉ። እኔ ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ይዘገንነኛል። ከአንድ ቧንቧ ስንት ሰው እንደሚጠጣ ከሕክምና ተማሪ በላይ ማን ያውቃል? ንዴት ሲያይል የተማሩትን እንኳ ያስረሳል ማለት ነው።

በ1916 ቺያንግ ታይፔ ውስጥ፣ ዳዳኦቼንግ በሚባለው የነጋዴ ሰፈር፣ ዳአን የተባለ ሆስፒታል ከፈተ። ወይንም ይነግድ ነበር፤ ምግብ ቤትም ነበረው። (ሐኪም መጠጥ ይሸጣል ወይ የሚል አይጠፋም። ኋላ የትግሉን ወጪ የሸፈነው ይኸው ገንዘብ ነው።) አምስት ዓመት እንዲህ ኖረ፤ በሰላም ሀብታም ሆኖ ማርጀት ይችል ነበር።

ጥቅምት 1921 ላይ ግን ከባለጸጋው ሊን ሺየንታንግና ከሌሎች ጋር የታይዋን የባህል ማኅበርን መሠረተ። ከአንድ ሺህ በላይ አባላት ነበሩት። በቀጣዩ ወር መጨረሻ ገደማ፣ በማኅበሩ ልሳን የመጀመሪያ እትም ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ለእናንተ መጻፍ ያማረኝ በዚህ ጽሑፍ ምክንያት ነው።

የሕመምተኛ ካርድ ነው የጻፈው፤ እኛ በየቀኑ እንደምንሞላው ያለ። ስም፦ ታይዋን። ፆታ፦ ወንድ። ዕድሜ፦ አሁን ወዳለበት አድራሻ ከተዛወረ 27 ዓመት። የአሁን አድራሻ፦ የጃፓን ግዛት፣ የታይዋን ጠቅላይ ገዢ። ሥራ፦ የዓለም ሰላም በር የመጀመሪያው ዘበኛ። በዘር የሚወረስ ነገርም አልዘለለም፤ የጥንቶቹ የቻይና ፈላስፎች የኮንፊሽየስና የሜንሺየስ ደም አለበት ይላል። ቅሬታ፦ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ሆድ ውስጥ ረሃብ።

ከዚያ ወደ ምርመራው ይገባል። ጭንቅላቱ ከሰውነቱ አንጻር ትልቅ ነው፤ ግን ሁለት ሦስት ተራ ጥያቄ ሲጠየቅ የሚመልሰው ሌላ ነው። ስለ ሳይንስና ስለ ዓለም ሁኔታ ትንሽ ጠለቅ ያለ ወሬ ሲሰማ ያዞረዋል። እጅና እግሩ ከሥራ ብዛት ፈርጥሟል። ሆዱ ደግሞ እንደ ወላድ ሆድ ተሸብሽቧል። ለምን? በአውሮፓው ጦርነት ጊዜ ገበያ ደርቶ ድንገት አበጠ፤ የዕርቅ ነፋስ ሲነፍስ ብርድ መታውና በተቅማጥ ሟሸሸ። የኢኮኖሚ ቀውስን እንደዚህ የገለጸ ባለሙያ አላውቅም።

ዲያግኖሲሱ ያማል። የዓለም ባህል ዘገምተኛ ልጅ ብሎ ጻፈ፤ የገዛ ሕዝቡን። መንስኤው የዕውቀት ምግብ እጥረት። የወደፊት ሁኔታው? ተፈጥሮው ጤናማ ስለሆነ ትክክለኛ ሕክምና ካገኘ ቶሎ ይድናል፤ ከተሳሳቱበት ግን ሊሞት ይችላል። የመድኃኒት ማዘዣው ላይ አምስት ነገር አለ፦ መደበኛ ትምህርት፣ የማካካሻ ትምህርት፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ጋዜጣ ማንበቢያ። ሁሉም በከፍተኛው መጠን። ቀላቅሎ ቶሎ ከወሰደ በ20 ዓመት ይድናል ይላል።

የኢንተርኑ ጥያቄ እዚህ ጋ ይመጣል። ይህ ሰው ጋውኑን አወለቀ እንዴ? እኔ እስከሚገባኝ እንዲያውም ጠበቅ አድርጎ ለበሰው። የንግግር ሊቅ መስሎ አልተነሣም። የሕመሙን ታሪክ ጠየቀ፣ መረመረ፣ መንስኤ ፈለገ፣ መጠን ወስኖ አዘዘ። የሚችለውን ሙያ ነው ለአገሩ ያዋለው።

ከዚያ በኋላ ማኅበሩ ጋዜጣ ማንበቢያ ከፈተ፤ ከከተማ ከተማ እየዞረ ትምህርታዊ ንግግር አዘጋጀ። አዳራሹ ውስጥ ፖሊስ ይቀመጣል። ያልወደደው ነገር ሲነገር «ይቁም!» ይላል፤ ይቆማል። ሌላው ተናጋሪ ይቀጥላል። ታይዋን የራሷ ምክር ቤት እንዲኖራት ከ1921 እስከ 1934 ድረስ 15 ጊዜ አቤቱታ ለቶኪዮ ቀርቧል፤ 15ቱም መና ቀሩ። በታኅሣሥ 1923 በዚሁ ጉዳይ በጅምላ ታሰሩ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት በነጻ ለቀቃቸው፤ ይግባኙ ገለበጠው፤ ቺያንግ 4 ወር ተፈረደበት። እስር ቤቱን ማንበቢያና መጻፊያ አደረገው።

ማዘዣውን ጽፎ እጁን አጣጥፎ እንዳልተቀመጠ ልብ በሉ። የታዘዘው መድኃኒት ብቻውን አልሠራ ሲል ሕክምናውን ቀየረ። በ1927 ማኅበሩ በሐሳብ ተከፈለ። በሐምሌ ቺያንግና ጓደኞቹ የታይዋን ሕዝብ ፓርቲን መሠረቱ፤ በደሴቲቱ ታሪክ የመጀመሪያው ዘመናዊ ፓርቲ ነው። በማግስቱ ዓመት የሠራተኛ ማኅበራትን በአንድ ጥላ ሥር ሰበሰበ። «ወገን ይተባበር፤ ኅብረት ኃይል ነው» ይል ነበር። ወደ ሠራተኛና ገበሬ እየተጠጋ ሲሄድ እነ ሊን ሺየንታንግ ጥለውት ሄዱ። የድሮ ወዳጅ ማጣት ከእስር የባሰ ሳይሆንበት አልቀረም።

አሁን ወደ ቱ ልመለስ። ቱ ላቦራቶሪ ውስጥ ቀረ። በ1922 በሕክምና ዶክትሬት ያገኘ የመጀመሪያው ታይዋናዊ ሆነ። የሁለቱ መንገድ እንደገና የተገናኘው ኦፒየም በሚባለው አደንዛዥ ዕፅ ነው። የጃፓን አስተዳደር ኦፒየምን በሞኖፖል ይሸጥ ነበር፤ ለሱሰኛ ፈቃድ ይሰጣል፣ ገቢውን ይሰበስባል። አዲስ ፈቃድ ሊሰጥ ሲነሣ፣ በጥር 1930 የቺያንግ ፓርቲ ጄኔቭ ላለው የመንግሥታት ማኅበር ቴሌግራም መታ። ቅኝ ተገዢ ገዢውን በዓለም ፊት ከሰሰ። (ስድስት ዓመት ቆይቶ የእኛም አቤቱታ ወደዚያው ጄኔቭ መሄዱን ታስታውሳላችሁ።) የማኅበሩ መርማሪዎች ታይዋን መጡ፤ ቺያንግም አገኛቸው።

በዚያው ዓመት ቱ የሱሰኞች ሆስፒታል ተረከበ። መጠኑን ቀስ በቀስ እየቀነሰ ሱስ ያስለቅቅ ነበር። ሰውየው በድብቅ መውሰዱን ከሽንት የሚለይበትን ዘዴም ሠራ። አንዱ ቴሌግራም መታ፣ አንዱ ሽንት መረመረ። ማንኛው ነው ትክክል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ሱሰኛው ሁለቱንም ይፈልግ ነበር እላችኋለሁ።

እኔ የዶክተር ቱ ወገን ነኝ፤ በጣም ትንሹ ቱ። ወጣት ሳለሁ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ነበርኩ። ሕፃናቱ በተቅማጥ ይመጣሉ፣ ለምለም በጥብጠን እናጠጣቸዋለን፣ ይድናሉ። በሦስተኛው ሳምንት እነዚያው ልጆች ይመለሳሉ። እናቶቹን እቆጣ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። አንድ ጤና ረዳት ግን ምንጩን ሄዶ አየ። ከከብት ጋር ነበር የሚጠጡት። አስተዳዳሪዎቹን ደጅ ጠና፣ ሕዝብ ሰበሰበ፣ ተጣላ። ምንጩ ጎለበተ። እሱ «ነገረኛ» ተብሎ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። እኔ ዝም አልኩ፤ ሥራዬን ቀጠልኩ። ብዙ ልጆች አክሜ አድኛለሁ። ከእሱ ጋር ስወዳደር ግን ስሌቱ አይጥመኝም።

ቺያንግን በየካቲት 1931 ፖሊስ ይዞት ፓርቲውን አፈረሰ። እሱ ተለቀቀ፤ ፓርቲው ግን አልተመለሰም። በነሐሴ 5 ታይፎይድ ገደለው። 40 ዓመት ገደማው ነበር። በተበከለ ምግብና ውኃ በሚመጣ በሽታ። ለቀብሩ 5,000 ያህል ሰው ወጣ፤ ፖሊስ ቆሞ ያያል። ያዘዘው 20 ዓመት ሲሞላ፣ በ1941፣ ታይዋን የጦርነት መንደርደሪያ ሆና ነበር። ቱ በ1954 ካኦሹንግ ውስጥ የሕክምና ኮሌጅ መሥርቶ ብዙ ሐኪም አወጣ፤ እስከ 1986 ኖረ። ዛሬ ከታይፔ ወደ ዪላን የሚወስደው ፈጣን መንገድ በቺያንግ ስም ይጠራል። 12.9 ኪሎ ሜትር ዋሻ አለው።

አንተ ኮሪደር ላይ የያዝከኝ ልጅ፣ ሂድም ቅርም አልልህም። ሰኞ ና፣ ቡና እየጠጣን እናውራ። መጀመሪያ ግን የ4 ቁጥር አልጋን ካርድ ሙላ። አድራሻና ሥራ የሚለውን ባዶ ትተኸዋል፤ የሚጠጡት ውኃ ከየት እንደሆነም አልጠየቅክም።

የእናንተው ሽማግሌ