መልስ፦ በባዶ ሆድ 112 ማለት ስኳር ያዘኝ ማለት ነው?

እህቴ፣ በባዶ ሆድ የደም ስኳር ተለክተሽ 112 ወጥቶ «ምንም አያመኝም፣ ስኳር ያዘኝ ማለት ነው? እንጀራስ ልተው?» ብለሻል። አይዞሽ፣ ገና ነው። ከ100 እስከ 125 ቅድመ ስኳር ይባላል፤ ከጤናማው ከፍ ያለ፣ ግን ገና ስኳር በሽታ ያልሆነ ማለት ነው። 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ሲረጋገጥ ነው ስኳር በሽታ የሚባለው። ምንም ስላላመመሽ ግን አትዘናጊ፤ አብዛኛው ሰው በዚህ ደረጃ ምንም ምልክት አያይም። የሦስት ወሩን የደም ስኳር አማካይ የሚያሳየውን ኤችቢኤዋንሲ የሚባል የደም ምርመራ ተመርመሪ። ከ5.7 እስከ 6.4 በመቶ ከሆነ ያው ቅድመ ስኳር ነው።

እንጀራ አትተዪ፣ መጠኑን ቀንሺ። እናቴ እንዲህ ሲሏት ሁለቱን እንጀራ ወደ አንድ አወረደች፤ የትሪውን ግማሽ በጎመንና በሰላጣ ሞላችው። የከበዳት ቡናው ነው። በሲኒ ሦስት ማንኪያ ስኳር ነበር የምትጨምረው! በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነሰች ተወችው። ለስላሳና ጁስም ይቅርብሽ።

ከእራት በኋላ ደግሞ ተራመጂ። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ በወጣ ትልቅ ጥናት፣ በሳምንት 150 ደቂቃ እየተንቀሳቀሱ ክብደታቸውን 7 በመቶ ለመቀነስ የጣሩ ሰዎች በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል። መድኃኒት ያስፈልግሽ እንደሆነ ሐኪምሽ ይወስን። ቢያንስ በዓመት አንዴ ተለኪ፤ ውሃ ጥሙና ሽንት ማመላለሱ ከመጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ።