የተሸነፈው ወገን ወንበር፦ ስለ 1949ኙ የምዕራብ ጀርመን ምርጫ ለወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

በሕግ ሙያ 38 ዓመት አገልግዬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስለ ምርጫ የሚጠይቁኝ ወጣቶች ሁሉ የሚያነሡት ማን እንዳሸነፈ ነው። የተሸነፈው ወገን በማግስቱ የት እንደ ተቀመጠ የጠየቀኝ የለም። እኔ ግን በወጣትነቴ በፈጸምኩት አንድ ጥፋት ምክንያት ከዚህ ጥያቄ ተላቅቄ አላውቅም፤ ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ያጠናሁትን አንድ ምርጫ ላጫውታችሁ። ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦገስት 14 ቀን 1949 ምዕራብ ጀርመኖች ከጦርነቱ በኋላ የመጀመሪያውን የፌዴራል ምክር ቤት ሲመርጡ ከተሞቻቸው ገና ፍርስራሽ ነበሩ፤ ከምሥራቅ የተፈናቀሉ 8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መጠለያ ይፈልጉ ነበር፤ የበላይ ሥልጣኑም በአሜሪካ፣ በብሪታንያና በፈረንሳይ እጅ ነበር። እንዲያም ሆኖ ከመራጩ 78.5 በመቶ ድምፅ ሰጠ። ከ402 መቀመጫዎች ክርስቲያን ዴሞክራቶች ከባቫርያ እህት ፓርቲያቸው ጋር 139፣ ሶሻል ዴሞክራቶች 131፣ ነጻ ዴሞክራቶች 52 አገኙ፤ የቀረውን ትናንሽ ፓርቲዎች ተከፋፈሉት። ብቻውን መንግሥት ሊመሠርት የሚችል አንድም ፓርቲ አልነበረም።

ከሳምንት በኋላ የክርስቲያን ዴሞክራቶቹ መሪ፣ የ73 ዓመቱ ኮንራድ አደናወር፣ የፓርቲውን ትልልቅ ሰዎች ሮንዶርፍ በሚገኘው ቤቱ ሰበሰባቸው። ከመካከላቸው ብዙዎቹ፣ አገር በወደቀበት ሰዓት ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች አብረው ሊያነሡት ይገባል የሚል ሐሳብ ነበራቸው፤ ሐሳቡም ለጆሮ የሚጥም ነበር። አደናወር ግን ተቃወመ። አንደኛው ምክንያቱ ኢኮኖሚው ነበር፤ የኢኮኖሚ ኃላፊው ሉድቪግ ኤርሃርድ የጀመረውን የነጻ ገበያ መንገድ ሶሻል ዴሞክራቶች አይቀበሉትም ነበርና። ሁለተኛው፣ ትልልቆቹ ሁለቱም መንግሥት ውስጥ ከገቡ በምክር ቤቱ ጠንካራ ተቃዋሚ ስለማይቀር፣ የተከፋው ሕዝብ ቅሬታውን ወደ አክራሪ ብሔርተኞች ይዞ ይሄዳል የሚል ነበር። ሰውየው ሥልጣን ይወድ እንደ ነበር አልክድም። ይህ ሁለተኛው ምክንያት ግን በእኔ ግምት እስከ ዛሬ ልክ ነው።

ስለዚህ ከነጻ ዴሞክራቶችና 17 መቀመጫ ካለው የጀርመን ፓርቲ ጋር ተጣመረ፤ ድምሩ 208 ነበር። ሴፕቴምበር 15 ቀን መራሔ መንግሥት ለመሆን 202 ድምፅ ያስፈልገው ነበር፤ ያገኘውም 202 ነበር፤ አንዱ ድምፅ የራሱ ነው።

በአንድ ድምፅ ላይ የቆመ መንግሥት አራት ዓመት ሙሉ እንዴት ቆየ? መልሱ ያለው ቀደም ብሎ በግንቦት ወር በጸደቀው መሠረታዊ ሕግ ውስጥ ነው፤ አርቃቂዎቹ ከናዚዎች በፊት የነበረውን የጀርመን ዴሞክራሲያዊ መንግሥት፣ የቫይማርን ሪፐብሊክ፣ ውድቀት በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ነበሩና። ሴፕቴምበር 12 ቀን 1932 የጀርመን ምክር ቤት በፍራንዝ ፎን ፓፐን መንግሥት ላይ እምነት እንደሌለው በ512 ድምፅ ሲያስታውቅ፣ የደገፉት 42 ብቻ ነበሩ። ናዚውም ኮሚኒስቱም ለማፍረስ አብረው እጃቸውን አወጡ፤ በእሱ ቦታ ማን ይተካ ቢባሉ ግን በአንድ ስም ሊስማሙ አይችሉም ነበር። የመሠረታዊ ሕጉ አንቀጽ 67 ይህን በር ዘጋው፤ ምክር ቤቱ መራሔ መንግሥቱን ሊያወርድ የሚችለው ተተኪውን በአብላጫ ድምፅ ከመረጠ ብቻ ሲሆን፣ ጥያቄው ከቀረበ በኋላም ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት 48 ሰዓት ማለፍ አለበት። ሕግ ስትማሩ ይህን አንቀጽ ደጋግማችሁ አንብቡት፤ ተቃዋሚውን ዝም አያሰኝም፤ አፍርሰህ አትሂድ፣ የምትተካውን ይዘህ ና ነው የሚለው።

ተቃዋሚው ደግሞ ዝም የሚል ሰው አልነበረም። የሶሻል ዴሞክራቶቹ መሪ ኩርት ሹማኸር ቀኝ እጁን በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ያጣ፣ በናዚ እስር ቤቶችና ማጎሪያዎች ወደ አሥር ዓመት የተሠቃየ፣ በ1948 ደግሞ ግራ እግሩ የተቆረጠ ሰው ነበር። ይህን ሁሉ ከፍሎ በ8 መቀመጫ መበለጥ ምን ያህል እንደሚያም አስቡት። በዚያው ዓመት ኖቬምበር፣ ከኃያላኑ ጋር ስለ ተደረገው የፔተርስበርግ ስምምነት ሌሊቱን ሲከራከሩ፣ አደናወርን «የቃል ኪዳን አገሮቹ (የሦስቱ ኃያላን) መራሔ መንግሥት» ብሎ ጮኸበትና ለ20 ስብሰባዎች ታገደ። ብዙም ሳይቆይ ነገሩ በሽምግልና ተፈታ፤ እሱም ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

እኔ ወደ ወንበሬ አልተመለስኩም። በወጣትነቴ የአንድ የባለሙያዎች ማኅበር አባል ነበርኩ፤ የእኛ ወገን በአመራር ምርጫ በጥቂት ድምፅ ሲሸነፍ ተነሥተን ወጣን፤ እንድንወጣ አጥብቄ የተናገርኩትም እኔ ነበርኩ። በኋላ ማኅበሩ የአባላቱን ገንዘብ ያለ አግባብ ሲያወጣ፣ በጉባኤው ውስጥ ተነሥቶ ሒሳብ የሚጠይቅ አልተገኘም፤ ጠያቂዎቹ እኛ ነበርንና። ብዙ አባላት ጥሪታቸውን አጡ። እናንተ በተማሪዎች ማኅበርም ይሁን በዕድር ስትሸነፉ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ተቃውሟችሁን አስጽፉና በሚቀጥለው ስብሰባ ቀድማችሁ ተገኙ።

ማርች 18 ቀን 1953 ለእስራኤል ካሳ የሚከፈልበት የሉክሰምበርግ ስምምነት ለምክር ቤቱ ቀረበ። ያቀረበው አደናወር ነው፤ ከራሱ ጥምረት ግን ብዙዎች ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። ስምምነቱ በ239 ድጋፍ፣ በ35 ተቃውሞና በ86 ድምፀ ተዓቅቦ ጸደቀ። ሶሻል ዴሞክራቶች በአንድነት ደግፈውት ነበር። ሹማኸር በሞተ በሰባተኛው ወር መሆኑ ነው፤ ፓርቲውም ወደ መንግሥት ለመግባት ገና 13 ዓመት ይቀረው ነበር።