ካሜራ ልግዛ ወይስ ዘበኛ ልቅጠር? ላልሽው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እዚሁ አዳማ ተከራይተሽ እንደምትኖሪ፣ በሁለት ወር ውስጥ የውሃ ቆጣሪና የጋዝ ሲሊንደር እንደተወሰደብሽ ጽፈሻል። ባለሽ ገንዘብ 4 ካሜራ ትግዢ ወይስ ከጎረቤት ጋር አዋጥተሽ ዘበኛ ትቀጥሪ እንደሆነም ጠይቀሻል። ብዙዎች «ካሜራ ግዢና ተገላገይ» ብለውሻል። እኔ ገዝቼ አልተገላገልኩም። የሆነውን ልንገርሽ።

የምኖረው በቦኩ ሸነን በኩል ነው። የዛሬ አራት ዓመት ከግቢያችን የመኪና ባትሪ ተሰረቀ። በሳምንቱ 4 ካሜራ፣ ዲቪአር (የካሜራዎቹን ምስል የሚቀዳው ማሽን) እና ቪዲዮው የሚቀመጥበት 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ አስገጠምኩ። ባለሙያው ካሜራዎቹን ጣሪያው ጫፍ ስር ሰቀላቸው። «ከፍ ሲል ሰፊ ቦታ ያያል፣ ሌባም አይደርስበትም» አለኝ። ደስ አለኝ። እንቅልፋችን ተመለሰ።

ከአምስት ወር በኋላ የጎረቤቴ ሞተር ሳይክል ሌሊት ከግቢው ተገፍቶ ወጣ። ያወጡበት መንገድ የእኔ ካሜራ ፊት ነው። ጎረቤቴ ጠዋት እየሮጠ መጣ። «ያንተ ካሜራ ይዟቸዋል!» አለኝ። ቁጭ ብለን ከፈትነው። ሁለት ሰዎች ሞተሩን ሲገፉ ይታያል። ካሜራው ከላይ ስለሆነ የሚታየው ኮፍያቸው ብቻ ነው። በዚያ ላይ ምስሉ ጭጋግ የወረደበት ይመስላል። የከተማችንን አቧራ ታውቂዋለሽ። ካሜራ ማታ የሚያየው ራሱ በሚያበራው ኢንፍራሬድ፣ ማለትም ለዓይናችን በማይታይ ብርሃን ነው። መስታወቱ ላይ አቧራ ከተቀመጠ ብርሃኑ እዚያው ይነጥርና ምስሉ ነጭ ይሆናል። ቀን ቀን ጥርት ብሎ ስለሚታይ ችግሩን አላየሁትም። አምስት ወር ሙሉ አንድም ቀን በጨርቅ አልጠረግኩትም።

ፖሊስ ጣቢያ ስንሄድ ደግሞ ሌላ ነገር ወጣ። ቪዲዮው ላይ የተጻፈው ቀን ጃንዋሪ 1 ቀን 2000 ነው። ዲቪአሩ ውስጥ ሰዓት የምትይዝ ክብ ትንሽ ባትሪ አለች። እሷ ካለቀች መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። መርማሪው «ይሄ የዚያን ሌሊት መሆኑን በምን እናውቃለን?» አለን። መልስ አልነበረኝም። አንቺም ካስገጠምሽ ቀኑንና ሰዓቱን በየጊዜው እዪ። ሌላም ነገር አለ። እኛ «ከሌሊቱ 9 ሰዓት» የምንለው ማሽኑ ላይ 03:00 ነው። ቃል ስትሰጪ ሁለቱንም ተናገሪ፣ አለበለዚያ ፋይሉን የሚያይ ሰው ይምታታበታል።

ሞተሩ አልተገኘም።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ያን ሌሊት ነቅቼ ነበር። ቆርቆሮ ሲንኳኳ ሰምቻለሁ። «ነፋስ ነው» ብዬ ተገላብጬ ተኛሁ። የአዳማ አንድና የአዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎችን 136 ተርባይኖች የሚያዞር ነፋስ እኮ ነው፤ በበጋ ሌሊት በር ቢገነጠል ማን ይሰማል? ስልኬም ከካሜራው የሚመጣ ማስጠንቀቂያ ነበረው፤ ግን አጥፍቼዋለሁ። ደጃፍ ያለው ዛፍ በተወዛወዘ ቁጥር ሲጮህብኝ ሰልችቶኝ ነው። ኋላ ላይ ከጎረቤቶች ጋር ሰፈራችን ውስጥ የተሰረቀውን ሁሉ እያስታወስን ስንቆጥር፣ አብዛኛው ወይ የነፋስ ሌሊት ነው ወይ መብራት የጠፋበት ሌሊት። ሌባው እኛ የማንነሳበትን ሌሊት ያውቃል። ካሜራዬም በዚያ ሌሊት ሥራውን ሠርቷል። ያልተነሳሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን እንደ አዲስ የጀመርነው። አንዱን ካሜራ ከጣሪያው አውርጄ ከበሩ ጎን 2 ሜትር ተኩል ከፍታ ላይ አደረግኩት። ፊት የሚይዘው እሱ ነው። ሌሎቹ ከላይ ሆነው አካባቢውን ይዩ። ማስጠንቀቂያው በሩንና የአጥሩን ጥግ ብቻ እንዲከታተል አስተካከልኩት፣ ዛፉን ተወው አልኩት። ለዲቪአሩና ለዋይፋዩ መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ ገዛሁ። ደጅ ላይ ጠንከር ያለ አምፖል ሰቀልኩ፤ ከወጪዬ ሁሉ ርካሹ እሱ ነው፣ ጥቅሙ ግን ከአንድ ካሜራ አያንስም። ጨርቅ ይዤ ቅዳሜ ቅዳሜ መስታወቱን እጠርጋለሁ። ቪዲዮ ቶሎ እንደሚጠፋም እወቂ። የእኔ 1 ቴራባይት 4 ካሜራ ሳያቋርጥ ሲቀዳበት 11 ቀን ያህል ነው የሚይዘው። አንድ ነገር ከተፈጠረ ዛሬ ነገ ሳትዪ ገልብጪው።

ዋናው ግን ሰዎቹ ናቸው። 11 ቤቶች ነን። መጀመሪያ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትን። ሌሊት ማንም አያየውም። ስለዚህ በስልክ መደወል ጀመርን። እያንዳንዱ ቤት የሚደውልላቸው ሁለት ቤቶች አሉት፤ እነሱም ለሁለት ይደውላሉ። የተደወለለት የውጭ መብራት ያበራል፣ ፊሽካ ይነፋል። ብቻውን ከግቢ አይወጣም። አዋጥተንም አንድ የሌሊት ዘበኛ ቀጠርን። ደመወዙን በቀኑ ስጡት፣ ባትሪና ካፖርት ይኑረው፣ ሻይም አትንፈጉት። ብርድ ያንቀጠቀጠው ሰው ጥግ ፈልጎ ቢተኛ አይፈረድበትም። ጥግ ላይ ቡና የምታፈላውን እህታችንንም አልረሳናትም። ያን ጊዜ ካሜራዬ ሁለት ኮፍያ ሲያሳየን፣ እሷ ናት ሰሌዳ የሌለው ባጃጅ ከስርቆቱ ሁለት ቀን በፊት ከሰዓቱን ሙሉ ቆሞ እንደነበር የነገረችን። ማንም ስላልጠየቃት ዝም ብላ ነበር።

ባለፈው ጥር አንድ የነፋስ ሌሊት ስልኬ ጮኸ። ባለቤቴ ቀድማ አየችው። ሁለት ሰዎች ከእኛ ሦስተኛው ቤት አጥር ስር ቆመዋል። ደወልን። በሁለት ደቂቃ ውስጥ የአራት ቤት መብራት በራ፣ ፊሽካው ተቀባበለ። ሰዎቹ ዞር ብለው አዩና በእግራቸው ሄዱ። አልተያዙም። እኔ ግን በዚያ ሌሊት እንባዬ መጣ። አጥሩ ስር የነበሩት ሰዎች የሄዱት ቤቱ ውስጥ ብቻዋን ያለችው እናታችን እንኳ ሳትሰማ ነው።

ልጄ አንድ ጊዜ ያነበበችልኝ ነገር አለ። በ2019 እ.ኤ.አ. በተለያዩ አገሮች የተሠሩ የ40 ዓመት ጥናቶችን የሰበሰበ ግምገማ ወጥቶ ነበር። ካሜራ በተተከለባቸው ቦታዎች ወንጀል በአማካይ 13 በመቶ ቀንሷል። ከሁሉ የሠራው መኪና ማቆሚያ ላይ ነው፣ ድብደባና የመሳሰለው ላይ ግን ያን ያህል ለውጥ አልታየም። ሰው በቀጥታ የሚከታተለውና ከሌሎች እርምጃዎች ጋር የተቀናጀው ደግሞ የተሻለ ውጤት ነበረው። እኛ ሰፈር ያየሁትም ይህንኑ ነው።

አሁን አንድ ከባድ ነገር ልንገርሽ። ንቁ ስንሆን ሰው መበደልም ይመጣል። ከሰፈራችን ልጆች አንዱ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ሻንጣ ይዞ በር በር የሚያይ ሰው ከካሜራ ቀድቶ «ሌባ ነው» ብሎ ቪዲዮውን ግሩፑ ላይ ለቀቀው። ሰውየው ለለቅሶ ከአሰላ የመጣ የጎረቤታችን ዘመድ ነው። ቤቱ ጠፍቶበት ነበር። በነጋታው ሰው መንገድ ላይ ይዞ ሊደበድበው ነበር፤ እግዚአብሔር አወጣው። ከዚያ ወዲህ የማንንም ፊት ግሩፕ ላይ አንለጥፍም። ቪዲዮው ለፖሊስ ብቻ ይሰጣል። የተያዘ ሰውም ቢሆን አይመታም።

ሌላው የጎረቤት ግቢ ነው። የእኔ አንዱ ካሜራ ጎረቤቴ ልጆቿን የምታጥብበትን ጓሮ ያይ ነበር። አፍራ ነው የነገረችኝ። ያኑ ዕለት አዞርኩት። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ያስቀምጣል፤ ሕጉ ባይኖር እንኳ ጎረቤት ነች። የይለፍ ቃሉንም ፋብሪካው በሰጠው አትተዪው። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው ቫይረስ ብዙ ካሜራዎችን የያዘው በዚያ በኩል ነው።

ስለዚህ ለአንቺ፦ 4 ካሜራ አያስፈልግሽም። አከራይሽን አናግሪና የበሩን መቀርቀሪያና የደጁን መብራት አስተካክሉ። የውሃ ቆጣሪውን በብረት ሳጥን ዝጉት። ከዚያ አንድ ጥሩ ካሜራ በሩ ላይ ስቀዪ። የተረፈሽን ለዘበኛው አዋጪ፣ ይህን ሳምንትም ግራና ቀኝ ካሉት ሁለት ቤቶች ጋር ስልክ ተለዋወጪ። ካሜራው የተሰቀለ ዕለት ማታ 2 ሰዓት ላይ አንድ ሰው በሩ ላይ አቁመሽ ስልክሽ ላይ እዪው። ፊቱ ካልተለየ ባለሙያው ሳይሄድ ዝቅ ያድርግልሽ።